ኮቴየለሽ

ፋና ገና ከእንቅልፏ ሳትላቀቅ ከኮምፐርሳቶው ግድግዳ ወዲያ የአክስቷን የስህንን ድምፅ ሰማች። መጀመሪያ ከሕልሟ የመጣ መስሏት ነበር። በሕልሟ ሐይቁ ወደ ከተማው ገብቶ፣ ሰው ሁሉ እግሩን ሳያረጥብ በውሃው ላይ እየተራመደ ገበያ ይሄድ ነበርና አክስቷም ከዚያው ከማዶ ሆና የምትጣራ ነው የመሰላት። ነቃ ብላ ስታዳምጥ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። «ለልጅቱ ተነግሯታል» ትላለች ስህን ለፋና እናት ለሙሉአለም። «ዛሬና ነገ ማዕዘኑ ላይ ዓሣ እንዳትጠብስ ብያታለሁ። ከስንት ዘመን በኋላ ቤቱ የሚገባ ሰው ከመኪና ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው የእሷን ፊት መሆን የለበትም።»  እናቷ ሽንኩርት የምትከትፍበት ድምፅ ለአፍታ ቆም አለና እንደገና ቀጠለ።

ወደ ቤት የሚገባው ሰው የፋና አጎት አስረስ ነው፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም። ልጅቱ ደግሞ እናትነሽ ናት፣ አስረስ የገደለው የዝናው ልጅ። ያኔ ሁለቱም ቤተሰብ አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ ከፍ ብሎ ካለ ቀበሌ፣ መሬታቸው ተዋስኖ ነበር የሚኖረው። ዝናው በእርሻ ድንበር ጠብ የፋናን አባት በዱላ መትቶ ገደለው። ፋና ጡት አልጣለችም ነበር። አስረስ የወንድሙን ደም መለሰና እስር ቤት ወረደ። ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን አስታረቁ፤ ነገሩ ዳግመኛ ከአፍ እንዳይወጣም አስማሉ። ከዚያ በየፊናቸው ተራራውን እየለቀቁ ሐይቅ ከተማ ወረዱ፣ እናትነሽም አድጋ ከእነ ፋና በር ዝቅ ብሎ ካለው ማዕዘን ምድጃ ተክላ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እየጠበሰች መሸጥ ጀመረች። ሁለቱ ቤቶች በራስ ንቅናቄ ሰላም ይባባላሉ። ከዚያ በላይ ወሬ የላቸውም።

ከአፍ እንዳይወጣ ቢማልም ስህን በቤት ውስጥ ትተርከው ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር። እንደ እሷ አነጋገር አስረስ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ጫማውን አውልቆ ሦስት ወንዝ ተሻገረ። የዝናው ቤት ዙሪያውን መሣሪያ በታጠቁ ዘመዶቹ ይጠበቅ ነበር፤ አስረስ በመካከላቸው እንደ ጉም አለፈ። ውሻ እንኳ አልጮኸበትም። ፋና የአባቷን ፊት አታውቅም፣ ፎቶም የለውም። ያንን ድምፅ የሌለው እርምጃ ግን እንደ እሹሩሩ እየሰማችው ነው ያደገችው። እንቅልፍ ሲወስዳት ከጆሮዋ ሥር የሚራመድ ይመስላት ነበር።

ቤቱ ከማለዳው ጀምሮ ተተራምሷል። የበጉ ዋጋ ባለፈው ዓመት ከነበረው እጥፍ መሆኑ፣ ቅቤው ከወረባቦ የመጣ ነው ከተባለ በኋላ ሲነጠር ሌላ ሆኖ መገኘቱ፣ የሳሎኑ መጋረጃ ታጥቦ ማጠሩ ይወራል። ከፋና አልጋ ላይ ደህናው ብርድ ልብስ ተገፎ ለእንግዳው ተዘረጋ። ፋና ለስላሳ እንድታመጣ ተላከች። ስትወጣ ጉሙ ከሐይቁ ላይ ገና አልተነሣም፤ ደንገሉም ታንኳውም ነጭ ውስጥ ሰምጧል፣ ድምፅ ብቻ ነው የሚመጣው፤ የመቅዘፊያ ድምፅ፣ የዳክዬ ድምፅ፣ ከደሴ የሚመጣ ሚኒባስ ጡሩምባ። ማዕዘኑ ላይ ማንም የለም። እሳቱ የሚነድበት ቦታ በዘይት ጠቁሮ ብቻውን ተቀምጧል። ፋና አየት አድርጋ አለፈች።

ለስላሳው በባጃጅ እንዲላክ አድርጋ እሷ ወደ ሂንድ ሱቅ ተሻገረች። ሂንድ ጓደኛዋም አሠሪዋም ናት። በአዘቦት ቀን ሁለቱ አብረው ጽሑፍ ይተይባሉ፣ ኮፒ ያነሣሉ፤ እሑድ እሑድ ግን መዝጊያው እስከ ወገብ ዝቅ ይልና ሱቁ ሌላ አገር ይሆናል። አገሩን ያመጣው ሙዘይን ነው፣ የባጃጅ ሹፌሩ። ኮምቦልቻ ሲማር ከዶርም ልጆች የለመደው ጨዋታ ነው። ስክሪን የለውም፣ ኳስም የለውም። አንዱ ይተርካል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ፣ ያ ሰው ምን እንደሚያደርግ ይናገራሉ፣ መሳካቱን ደግሞ ዳይስ ይወስናል። ሙዘይን ከኢንተርኔት ያገኘውን የሕግ መጽሐፍ ሂንድ በቆሻሻ ወረቀት ጀርባ ፕሪንት አድርጋዋለች፤ ስሞቹንና አገሩን ግን ራሳቸው ናቸው የፈጠሩት። ሂንድ ሀውራን ሆና ትጫወታለች፤ ሰይፍ የታጠቀች፣ ፊቷን ያላየ ሰው ላይ ክንዷን ላታነሣ የማለች። ፋና ደግሞ ኮቴየለሽ ናት። ኮቴየለሽ በጣሪያ ትሄዳለች፣ በመስኮት ትገባለች፣ ክፉዎችን በተኙበት ገድላ ትወጣለች። ውሻ አይጮኽባትም።

ሙዘይን ጨዋታው ሊጀመር ሲል ሁልጊዜ በአምባሰል ቅኝት ያፏጫል፤ ያን ጊዜ የኮፒ ማሽኑ ትኩሳት፣ የቀለሙ ሽታ፣ የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ሁሉ ቀስ እያለ ይጠፋል። ዛሬ ኮቴየለሽ የሕዝቡን እህል በጎተራው ቆልፎ ሰውን በረሃብ የሚፈጅ ገዢ መኝታ ቤት ገብታ ከጣሪያው ወራጅ እንጨት ላይ ተጋድማለች። ከሥሯ ገዢው ተኝቷል። ሳምንቱን ሙሉ በቴሌግራም ሲከራከሩበት የሰነበቱት ይኸው ነበር። ሂንድ፣ ኮቴየለሽ ሰውየውን ሳትቀሰቅስ ከገደለችው ሀውራ ጥላቸው እንደምትሄድ ተናገረች። ሀውራ ከሄደች ደግሞ ጨዋታው አለቀ፤ ሦስት ናቸው፣ ለሁለት አይሆንም። ሙዘይን መጽሐፉን አገላብጦ ሕጉ ሁለቱንም እንደሚፈቅድ፣ በስውር የሚገድልም ሰው ለመልካም ነገር ካደረገው ከጀግኖች ጋር እንደሚሰለፍ አስረዳ። ፋና ስትመልስ ድምፅዋ ከጨዋታ የከረረ ሆነ። በበር መግባት የሚችለው ጉልበት ያለው ብቻ ነው አለች። ገዢው መቶ ወታደር አለው፤ ደካማ ሰው ከጨለማ በቀር ምን መሣሪያ አለው? ጀግንነቱ እዚያ ክፍል ድረስ ብቻውን መምጣቱ ነው።

ሂንድ ሻሿን እያስተካከለች አዳመጠቻት።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «ክፉ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ሙዘይን ነገረን።»

«ሙዘይን እዚህ ውስጥ አይዋሽም። እሱ ክፉ ነው ካለ ክፉ ነው። ከዚህ መዝጊያ ውጭ ግን ወላሂ ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሚነግርሽ?»

ይህን ብላ ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች። ዛሬ ማን እንደሚመጣ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሙዘይን ዳይሱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣና ኪሱ ከተተው፣ አሥር ሰዓት ላይ እንቀጥላለን አለ። ኮቴየለሽ ወራጁ ላይ እንደተጋደመች ቀረች።

ፋና ወደ ቤት መሄድ ነበረባት። እግሯ ግን ቁልቁል ወሰዳት፣ ቤቶቹ እየተራራቁ ወደሚሄዱበት፣ መሬቱ ለስለስ ወደሚልበት ወደ ሐይቁ ዳር። እናትነሽ የምትኖርበት ግቢ በቆርቆሮ የታጠረ ነው። ከዚህ በፊት ረግጣው አታውቅም። እናትነሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትናንት የገዛችውን ዓሣ እየሰነጠቀች ጨው ትነሰንሳለች። ጠብሳ ካልሸጠችው እንዳይበላሽባት ነው። ፋናን ስታይ አልተነሣችም፣ አልተቆጣችምም፤ በቢላዋ ጫፍ ሌላ በርጩማ አሳየቻት። ፋና ስለ ማዕዘኑ ይቅርታ ጠየቀች። አክስቷ የምታደርገውን እሷ እንደማትደግፍ ተናገረች። እናትነሽ እሺ አለችና ወደ ዓሣዋ ተመለሰች። ፋና ልጅነቷን ሙሉ ልትጠይቀው የፈለገችው ነገር ሳታስበው ከአፏ ወጣ።

«ያን ሌሊት አንቺ ቤት ነበርሽ?»

«የቱን ሌሊት?»

«አባትሽ የሞተበትን ሌሊት።»

እናትነሽ ቢላዋዋን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «ቀን ነበር እኮ» አለች።

ከዚያ ነገረቻት። ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለነበር ፊት ለፊት ሳይተያዩ ነው የነገረቻት፣ ድምፅዋም ከፍ ዝቅ አላለም። እርቅ ሊወርድ ቀን ተቆርጦ ነበር። ስለዚህ አባቷ አይፈራም፣ መሣሪያም አይዝም፣ የሚጠብቀውም ዘመድ አልነበረም። እሷን አስከትሎ ከብት ሊያጠጣ ወደ ምንጩ ወረደ። እሷ እሾህ ወግቷት ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ኋላ ተቀምጣ እግሯን ታገላብጥ ነበር። አባቷ ተንበርክኮ ውሃ ሲጠጣ ከበስተኋላው ቅጠል ተንኮሻኮሸ። መንገደኛ መስሎታል። ዞር እንኳ ሳይል፣ «ና ጠጣ፣ ውሃው ይበቃል» አለ። ከዚያ ተኩስ ነው። እሷ በድንጋዩ ጥግ አጮልቃ ስታይ ጠመንጃ የያዘው ሰው ቆሟል። ብዙ ቆመ። ከዚያ ወደ አባቷ ሳይጠጋ፣ ዓይኑን ሳይነቅል፣ ኋሊት ኋሊት እየተራመደ በመጣበት ሄደ።

«ለማን ተናገርሽው?» አለች ፋና።

«ለማንም። ነገሩ እንዳይነሣ ተምሎ የለ?» ከጥቂት በኋላ ጨምራ «የእናንተ ግን ይነሣል፣ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ይሰማኛል» አለች።

ፋና ቤት ስትደርስ አስረስ ገብቷል። ስታስበው የኖረችው ሰው ረጅም ነበር። የተቀመጠው ግን ትከሻው የጠበበ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ አዲስ የተገዛለት ኮት እጅጌው እስከ ጣቱ የሚደርስበት ሰው ነው። ግንባሯን ሳመና አባቷን እንዳለን ትመስላለች አለ። የዘመዱ ብዛት ሳሎኑን ሞልቶ በረንዳው ላይ ፈሷል። ሰዉ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሚኒባስ ታሪፍ፣ ከተማው እንዴት እንደሰፋ ያወራል። እሱ ለሁሉም አዎ ይላል። የሳሎኑ በር በተከፈተ ቁጥር ብድግ ይላል፣ ቁጭ በል ሲሉት ይቀመጣል። ፋና እናቷን አየቻት፤ ሙሉአለም ሳህን እያነሣች እያስቀመጠች ትመላለሳለች እንጂ አንዴም ወደ እሱ አላየችም። ከበጉ ሽታና ከሰው ሙቀት የተነሣ ሁሉ ነገር የራቀ፣ ከውሃ በታች እንዳለ ሆኖ ነው ለፋና የሚታያት።

ምሳው ሲጋመስ ስህን ተነሣች። ብርጭቆ ይዛ ስለ ጀግናው ወንድሟ ጀመረች፤ ጨረቃ የሌለበትን ሌሊት፣ ሦስቱን ወንዝ፣ የታጠቁትን ዘመዶች። ሰዉ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፣ ዜማውን እንደሚያውቀው ሰው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይከተላታል። አስረስ እጁን እያየ ነው። ስህን «ውሻ እንኳ» ስትል ፋና ሳታስበው ተናገረች። አልጮኸችም።

«ጋሼ፣ ሰውየው ‘ና ጠጣ፣ ውሃው ይበቃል’ ብሎዎት ነበር?»

 ስህን ብርጭቆዋን እንደያዘች ምን እንደምትቀባጥር ፋናን ጠየቀቻት፣ ልጅቱን ከዚህ አውጡልኝ አለች። ያን ጊዜ ሙሉአለም ከወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ሳህን እንደያዘች፣ ቀኑን ሙሉ ያልወጣ ድምፅዋን አወጣች።

«ተዪያት። የሞተው አባቷ ነው።»

አስረስ የጎረሰውን ዋጥ አደረገ። «ማን ነገረሽ?» አለ።

«ልጁ። እዚያ ነበረች። ድንጋዩ ጥግ።»

ለረጅም ጊዜ ዓይኑን ሳይነቅል አያት። ከዚያ የሚታጠብበት ውሃ ሳይጠብቅ እጁን በሶፍት ጠርጎ ተነሣና ውሰጂኝ አላት። ሰዉ ሊይዘው ሞከረ፤ ስህን በሩ ላይ ቆማ ሽማግሌ ይጠራ፣ እንዲህ አይሆንም፣ ያልበረደ ነገር አለ እያለች ለመነችው። ጥፍሯን ኮቱ ላይ እንደተከለች ቀስ አድርጎ እጇን አላቀቀና ወጣ።

ቁልቁል አብረው ሄዱ። ጉሙ ከተነሣ ቆይቷል፤ ሐይቁ ከፀሐዩ የተነሣ መሬት ላይ የወደቀ ሰማይ መስሏል። ያለፈ ያገደመው ሰላም ሲለው ይቆማል፣ ጎንበስ ይላል፣ እንደገና ይራመዳል። ስለ ምንጩ አንድም ነገር አላወራም። ግማሽ መንገድ ላይ ግን ሌላ ነገር ነገራት። ውሻ አልጮኸም የሚለውን ታሪክ መጀመሪያ የሰማው እስር ቤት ሆኖ፣ ከአገሩ ከመጣ አዲስ እስረኛ አፍ ነው። እስረኞቹ ከዚያ ወዲህ ቦታ እየለቀቁ ያስቀምጡት ጀመር። «ደስ አለኝ» አላት። «አስተካክዬ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። እየቆየ ሲሄድ እኔም ሳስታውሰው ሌሊት ሆነብኝ። ወንዞቹን የተሻገርኩ ይመስለኛል፣ የውሃው ቅዝቃዜ እግሬ ላይ ይሰማኛል። አሁን አንቺ ስትናገሪ ነው ፀሐዩ የመጣብኝ።»

እናትነሽ የቆርቆሮውን በር ከፍታ ስታያቸው አልደነገጠችም። እጇ ላይ ጨው አለ። አስረስ ቆቡን አወለቀ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ።

«እዚያ መሆንሽን አላውቅም ነበር» አለ።

«ብታውቅስ?» አለች። አንቱ አላለችውም። «እኔም ላይ ትተኩስ ነበር?»

ፋና እንዳይመልስ ፈለገች። ወይም «በፍጹም» እንዲል፣ ፈጥኖ እንዲል። እሱ ግን አሰበ። አስቦ ሲጨርስ «አላውቅም» አለ።

እናትነሽ ራሷን ነቀነቀች። ከዚህ ሰው ይህን ያህል እንኳ እንዳልጠበቀች ፊቷ ያሳብቃል። «ነገ ቦታዬ ላይ እውላለሁ» አለች። «ለቤተሰብህ ንገርልኝ።» እነግራለሁ አለ። በሩን ዘጋችው፤ አላጋጨችውም፣ ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲገባ ብቻ ተሰማ። አስረስ ቆቡን መልሶ ሳያደርግ ከአጥሩ ማዶ ሣሩ ላይ ተቀመጠና ፋናን ሂጂ አላት፣ መንገዱን ከእንግዲህ ያውቀዋል።

ሱቁ ስትደርስ አሥር ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። መዝጊያው እስከ ወገብ ዝቅ ብሏል። ሂንድና ሙዘይን ሳይጀምሩ ጠብቀዋታል። ምን እንደሆነ አልጠየቋትም፤ ወሬው ቀድሟት እንደደረሰ ከዝምታቸው ገባት። ሂንድ ፊቷን ሳታይ፣ አስቤበታለሁ አለች። ሀውራ ትቆያለች። ኮቴየለሽ የፈለገችውን ታድርግ፣ መሐላውን ሂንድ ራሷ ታላላዋለች፣ ጨዋታው ግን አይቁም። ፋና ጓደኛዋ ይህን ለማለት ምን ያህል እንደከበዳት አወቀች። ሙዘይን አፏጨ። ግድግዳው ቀስ እያለ ሄደ። ወራጁ፣ መኝታ ቤቱ፣ የተኛው ገዢ ተመለሱ።

«ኮቴየለሽ ምን ታደርጋለች?» አለ።

«ትገድለዋለች።»

ዳይሱ ተጣለ። ተሳካ። ሙዘይን እንደ ልማዱ ገመዱን አወጣ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ ከታች ፈረሱን አቆመ፣ ከተማው ነጻ መውጣቱን ሊያበስር ድምፁን አቀና።

«አትወጣም» አለች ፋና።

«እ?»

«አትወጣም። ክፍሉ ውስጥ ትቀመጣለች። ክፍሉ ምን ምን እንዳለው ንገረኝ። ቤቱ ውስጥ ማን ማን እንዳለ ንገረኝ።»

ሙዘይን ወደ መጽሐፉ አየ። እንዲህ ያለ ነገር መጽሐፉ ውስጥ የለም። ከዚህ በፊት ኮቴየለሽ ከገደለች በኋላ አንድ ደቂቃ እንኳ ክፍል ውስጥ ቆይታ አታውቅም፤ ስለዚህ ገዢው አልጋና ክፋት እንጂ ሌላ ምንም አልተፈጠረለትም ነበር። መጽሐፉን ዘጋው። ብዙ አሰበ፤ ከዚያ ቃል እየመረጠ፣ ራሱም እያየ እንዳለ ሰው መናገር ጀመረ። ከአልጋው ሥር ተረከዙ የተበላ ጫማ አለ። መስኮቱ ላይ ግማሹ የተላጠ ብርቱካን አለ። ከግድግዳው ወዲያ ሳል ይሰማል፣ የአሮጊት ሳል። አሁን ሳሉ ቆመ። በኮሪደሩ ላይ የሚጎተት ነጠላ ጫማ ይሰማል።

«እና ጀግና ናት ወይስ አይደለችም?» አለች ሂንድ በሹክሹክታ።

ፋና እጇን ያዘቻት።

«ዝም በይ» አለች። «ሴትየዋ እየገባች ነው።»